የ«ቅጥቅጥ» ሒሳብ፦ በመዶሻ የሚሠራ ቦዲ ለማን ያተርፋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያቀናው ዋና መንገድ ከሚሴን አልፎ ሐርቡን፣ ቀጥሎም ኮምቦልቻን ያቋርጣል። በዚህ መስመር ከሚመላለሱት የሕዝብ ማመላለሻዎች መካከል ፋብሪካ ጨርሶ ያላወጣቸው ይገኙበታል። ሞተራቸውና ሻንሲያቸው አይሱዙ ነው፤ ሰው የሚቀመጥበት ገላቸው ግን እዚሁ አገር ውስጥ በመዶሻ፣ በብየዳና በስቱኮ የተሠራ ነው። ሕዝቡም ስም አልነፈጋቸውም፤ «ቅጥቅጥ» ይላቸዋል።

በእህል ወይም በከብት ንግድ ገንዘብ ያጠራቀመ የሐርቡ ወይም የኮምቦልቻ ነጋዴ ወደ ትራንስፖርት ሥራ ለመግባት ሲያስብ በመጀመሪያ ከሚመጡለት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። ቦዲው ያለቀለትን መኪና ልግዛ ወይስ ሻንሲ ገዝቼ ቦዲ ላሠራ? ያረጀውን መኪናዬን ልሽጥ ወይስ ገላውን አድሼ ላቆየው? መልሱ የሚገኘው በመናኸሪያ ወሬ ሳይሆን በላሜራው ክብደት፣ በባለሙያው የሥራ ሰዓትና በውሉ ላይ በሚጻፈው ቃል ውስጥ ነው።

ከቀጥቃጭ እስከ ባትላሜራ

«ቅጥቅጥ» የሚለው ስም የመጣው «ቀጥቃጭ» ከሚለው ቃል ሥር ነው። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ቢላዋ የሚያወጣው ሰው በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲናቅ መኖሩ የታወቀ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ መታወጅ የተደረሰውም ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ዛሬ ግን ያው መዶሻ በመኪና ላይ ሲያርፍ ሙያው ተፈላጊ ሆኗል።

የመኪና ገላ ሥራ ቋንቋው ጣሊያንኛ ነው። ባትላሜራ፣ ላሜራ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ጋቢና፣ ባሌስትራ፣ ቱቦላሬ፣ ስቱኮ ሁሉ ከዚያው የመጡ ቃላት ናቸው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገሪቱ በቆዩበት ጊዜ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ፣ እንዲሁም ወደ አሰብ የሚወስዱትን መንገዶች ሠርተዋል። ኮምቦልቻም የአሰብ መንገድ መገንጠያ በመሆኗ የከባድ መኪና ማረፊያና የጋራዥ ከተማ ለመሆን የተመቸች ነበረች። ከ1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የአሰብ ወደብ አገልግሎት ቢቋረጥም፣ በባቲና በሚሌ በኩል ከጅቡቲ መስመር ጋር የሚያገናኘው መንገድ ለከተማዋ ትራፊክ ማምጣቱን አላቆመም።

የአገር ውስጥ የመኪና መገጣጠም ሥራም አዲስ አይደለም። ከጣሊያኑ ፊያት፣ በኋላም ከኢቬኮ ጋር በሽርክና የሠራው አምቼ የተቋቋመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ሆኖም መገጣጠሚያ ሻንሲና ጋቢና አገጣጥሞ ሲያወጣ፣ የጭነት ሳጥኑንና ተሳቢውን አገር ውስጥ ያሉ የብረታ ብረት ቤቶች ሲሠሩ ኖረዋል። ቅጥቅጥ የዚህ ልማድ ተከታይ ነው፤ ልዩነቱ በሳጥኑ ፋንታ ሰው የሚጫን መሆኑ ነው።

ገላው እንዴት ይወጣል?

ሥራው በአራት ደረጃዎች ይከፈላል። የመጀመሪያው አጽሙ ነው። ሻንሲው ላይ ከአራት ማዕዘን ቱቦላሬ የተቆራረጠ ፍሬም ይቆማል፤ ወለሉ፣ ምሰሶዎቹና የጣሪያው ቅስቶች እርስ በርስ ይበየዳሉ። ተሳፋሪው አደጋ ሲደርስ የሚተርፈው በዚህ አጽም እንጂ በላሜራው አይደለም። ችግሩ አጽሙ ከተሸፈነ በኋላ የማይታይ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ገዢው የማያየውን ነገር ሠሪው ለማሳነስ ይፈተናል።

ሁለተኛው ላሜራ ማልበስ ነው። ጎኑ ጠፍጣፋ በመሆኑ በመቀስ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ታጥፎ ይበየዳል። ይህ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ባትላሜራው የሚፈተነው በሦስተኛው ደረጃ፣ ማለትም በግንባሩ፣ በጣሪያው ማዕዘንና በፓራፋንጎው ላይ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህ በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጡ ናቸው። ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ሊጠቀለል ይችላል፤ ኳስ ላይ ሲለጠፍ ግን ይጨማደዳል። ላሜራም እንደዚሁ ነው። በሁለት አቅጣጫ እንዲጎብጥ ከተፈለገ መካከሉ መለጠጥ ወይም ጠርዙ መሰብሰብ አለበት።

መለጠጥ የሚቻለው ላሜራውን አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ወይም በተቦረቦረ ግንድ ላይ አስቀምጦ በእንጨት መዶሻ በመምታት ነው። እያንዳንዱ ምት ብረቱን በጥቂቱ ያሳሳዋል፤ ስፋቱንም ይጨምረዋል። ቀጥሎ ከኋላው ብረት ተደግፎ ከፊት በለሰለሰ መዶሻ እየተመታ ጉብታውና ስርጉዱ ይስተካከላል። መሰብሰብ ደግሞ በእሳት ይሆናል። የሳንቲም ያህል ቦታ እስኪቀላ ይሞቃል፤ የሞቀው ብረት ሊሰፋ ሲፈልግ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ስለሚከለክለው ወደ ውፍረት ይሄዳል፤ እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ደግሞ ይሰበሰባል። በአደጋ ተለጥጦ «ተክ ተክ» የሚል በር ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚህ ዘዴ ነው።

ብረት ሲመታ ይጠነክራል፤ አብዝቶ ከተመታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ በጥቂት ምት ይጨርሳል፤ ጀማሪው ግን ብዙ እየመታ ላሜራውን ያሳሳዋል፣ ከዚያም ስህተቱን በስቱኮ ይሸፍነዋል። አራተኛው ደረጃ፣ ማለትም አንቲረስት፣ ስቱኮና ቀለም፣ የሥራው መጨረሻ ብቻ ሳይሆን የማጭበርበሩም መጀመሪያ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ስቱኮ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሆኖ ጭረትን ለመሙላት የተሠራ ነው። በወፍራሙ ሲለጠፍ በንዝረት ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውኃ ገብቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል።

የላሜራው ሒሳብ

ነጋዴ የሚገባው ቋንቋ ቁጥር ነውና ወደዚያው እንለፍ። አንድ ካሬ ሜትር፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ክብደቱ 7.85 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ መሠረት 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባለ 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ 12.56 ኪሎ፣ ባለ 1.2 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 18.84 ኪሎ ይመዝናል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ መለስተኛ አውቶቡስ ጣሪያ፣ ጎንና ግንባር በድምሩ 40 ካሬ ሜትር ላሜራ ይፈጃል እንበል። በ0.8 ሚሊ ሜትር ቢሠራ ሽፋኑ 251.2 ኪሎ፣ በ1 ሚሊ ሜትር 314 ኪሎ፣ በ1.2 ሚሊ ሜትር 376.8 ኪሎ ይሆናል። ከ1 ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር መሻገር የሚያስከትለው ጭማሪ 62.8 ኪሎ ብቻ ነው፤ ይኸውም የአንድ ተሳፋሪ ክብደት ገደማ መሆኑ ነው።

ይህ ሒሳብ ሁለት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ ቀጭን ላሜራ መርጦ የሚገኘው ቁጠባ ባለመኪናዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም። ሁለተኛ፣ ወፍራም ላሜራ ሁሉ ጠንካራ ቦዲ ማለት አይደለም። ተጨማሪው ኪሎ ጣሪያው ላይ ከዋለ የመኪናውን ሚዛን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ በመታጠፊያም ያወዛውዘዋል። ያው ኪሎ በምሰሶዎቹና በወለሉ ላይ ቢውል ግን ጥንካሬ ይሆናል። ጥሩ ሠሪ ክብደቱን ወደ ታች፣ ጥንካሬውን ወደ ምሰሶ ይወስዳል።

ከብረቱ ይልቅ የሚበላው ጊዜ ነው። መኪናው ጋራዥ በቆመ ቁጥር ገቢ ይቀራል። 24 ወንበር ያለው መኪና በቀን አራት ነጠላ ጉዞ ሞልቶ ቢሠራ 96 ሒሳብ ይሰበስባል። ቦዲው በውሉ ከተባለው ቀን 15 ቀን ቢዘገይ የጠፋው 1,440 ሒሳብ ነው። ብዙ ባለሀብቶች በላሜራ ዋጋ ላይ ለቀናት ሲከራከሩ ይህን ግን በወረቀት ላይ አያሰፍሩትም።

ገበያው ለምን አልሞተም?

ያለቀላቸው መለስተኛ አውቶቡሶች በገበያው ላይ ሲበዙ ቅጥቅጥ ይጠፋል ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ድርሻው መቀነሱ እውነት ነው፤ የእጅ ሥራው ግን አልጠፋም። ምክንያቱ በአመዛኙ የመኪና ዋጋ ነው።

በሌላው ዓለም መኪና በዓመት በዓመቱ ዋጋው የሚወርድ ዕቃ ነው። በኢትዮጵያ ግን ባለመኪናው የሃያ ዓመት መኪናውን ከገዛበት በላይ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች በዕድሜያቸው ልክ ከባድ ታክስ እንዲከፍሉ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ዋጋው ናረ።

የእነዚህ እርምጃዎች ድምር ውጤት ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ ጨመረ፤ አሮጌውን የሚያድሰውም ባትላሜራ እንደዚሁ። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ላሜራው ራሱ ወይም የሚሠራበት ጥሬ ብረት ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ባትላሜራውም ከምንዛሪው ንፋስ አያመልጥም። ከዕድሳቱ ዋጋ ውስጥ በምንዛሪ የማይነካው የባለሙያው ጉልበት ብቻ ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ገበያ ሌላም ፈተና አሳልፏል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች ዘልቆ በነበረበት ወቅት የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ዘረፋና ውድመት እንደደረሰባቸው ይታወሳል። ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ ካፒታል እስኪያንሰራራ ድረስ አዲስ ከመግዛት ያለውን መጠገን የሚመረጥ መሆኑ ግልጽ ነው።

በዚህ ገበያ ውስጥ አነስተኛ ቢሆንም እያደገ የሚሄድ ክፍል አለ፤ እርሱም የድሮ መኪና ነው። በአንድ ወቅት የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረው ፊያት 600፣ ዕድሜ ያልበገረው ቮልስዋገን፣ ገጠር ለገጠር ሰው ሲያመላልስ የኖረው ላንድሮቨር ዛሬ ሰብሳቢ አግኝተዋል። የእነዚህ መኪኖች የገላ ክፍሎች በመለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ ላይ እንደ ልብ አይገኙም፤ የተበላው ፓራፋንጎ ወይም የበር ሥር በእጅ መሠራት አለበት። ላንድሮቨር ልዩ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት እጥረት ስለነበረ ገላው በአብዛኛው በአሉሚኒየም ተሠራ። ስለዚህ ገላው እንደ ብረት አይዝግም፤ ሻንሲው ግን ብረት ነውና ይዝጋል። «ገላው ንጹሕ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ላንድሮቨር ከሥር ካልታየ ገዢውን ሊያከስር ይችላል።

ከሚላኖ እስከ ማኒላ

በእጅ የተሠራ ቦዲ የድህነት ምልክት ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1926 እ.ኤ.አ. በሚላኖ የተቋቋመው ቱሪንግ የተባለ ካሮሴሪያ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች አጽም ላይ በእጅ የተመታ አሉሚኒየም የሚያለብስ «ሱፐርሌጄራ» የተባለ ዘዴ አወጣ። መሠረታዊ ሐሳቡ ከቅጥቅጥ አይለይም፤ አጽም በቱቦ፣ ገላ በላሜራ። የእንግሊዙ አስቶን ማርቲን ዲቢ5 በዚህ ዘዴ የተሠራ ነው። ኩባንያው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ሞዴል በድጋሚ ለሽያጭ ሲሠራ፣ አንዱ መኪና 4,500 የሥራ ሰዓት ገደማ የሚወስድ መሆኑን ገልጿል። ዋጋውም ከታክስ በፊት 2.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። እዚያ የሚሸጠው የመዶሻው ምት ነው፤ እዚህ ግን የመዶሻው ምት በርካሽ ይታሰባል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የፊሊፒንሱ ጂፕኒ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች የተዋቸው ጂፖች ተረዝመው፣ ላሜራ ለብሰው የሕዝብ ማመላለሻ ሆኑ። በ1953 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሳራኦ ሞተርስ የተባለው ቤት ከትንሽ ጋራዥ ተነስቶ ስመ ጥር አምራች ሆነ። ይሁን እንጂ የአገሪቱ መንግሥት በ2017 እ.ኤ.አ. አሮጌ ጂፕኒዎችን በዘመናዊ የመተካት ፕሮግራም ሲጀምር ኢንዱስትሪው ተናጋ። በኬንያም ቦዲ ሠሪዎች እንዲሠሩበት «ኬ.ኤስ. 372» የተባለ የተሳፋሪ መኪና ገላ ደረጃ ወጥቶላቸዋል። ትምህርቱ አንድ ነው። ደረጃ የሌለው የእጅ ሥራ በአንድ መመሪያ ሊዘጋ ይችላል፤ ደረጃ የያዘው ግን ወደ ፋብሪካነት ያድጋል።

የሰው ሕይወት በሚዛኑ ላይ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከእርሷ ብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብላ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው፤ ከዚያ ወደ ሐርቡ ሲወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል። መኪናው በአንድ ቀን ከደሴ ጉምና ዝናብ ወደ ቆላ ፀሐይ ይመላለሳል። ውኃ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ያልተተወለት የቦዲ ሥር በዚህ መስመር ላይ ቶሎ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው።

ከዝገቱ የሚከፋው መገልበጥ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 66 መሠረት የአውቶቡስ ገላ ከ80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በጎኑ ተገልብጦ ይፈተናል፤ ምሰሶዎቹ ቢጣመሙም ተሳፋሪው የተቀመጠበት ቦታ መጨፍለቅ የለበትም። በመዶሻ የተሠራ ቦዲ ይህን ሊያልፍ አይችልም ማለት አይደለም። የሚያልፈው ግን ምሰሶው ከወለሉ እስከ ጣሪያው ቅስት ያልተቆራረጠ፣ ብየዳውም ዙሪያውን የተዘጋ ሲሆን ነው። ነጥብ ነጥብ ብቻ የተበየደ ምሰሶ በመገልበጥ ጊዜ እንደ ካርቶን ይታጠፋል። ባለመኪናው በቱቦላሬ ላይ ያተረፋት ጥቂት ብር በሰው ሕይወት የምትከፈል ዕዳ እንደሆነች ማሰብ ይኖርበታል።

ገዢ ምን ይመልከት?

በመጀመሪያ፣ ቦዲ የሚያሠራ ሰው አጽሙ ላሜራ ከመልበሱ በፊት ሄዶ ይመልከት፤ ፎቶግራፍም ያንሳ። ይህ በውሉ ላይ «አጽሙ ሳይታይ ላሜራ አይለበስም» ተብሎ ቢጻፍ ሠሪውንም አሠሪውንም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ የተሠራ ቦዲ የሚገዛ ሰው ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በየቦታው ያስጠጋ። ማግኔቱ በብረቱ ላይ ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ግን ይለቃል። በጣት ሲንኳኳም ላሜራ ይጮኻል፤ ስቱኮ ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ይህ ፍተሻ ለአሉሚኒየም እንደማይሠራ ግን መታወቅ አለበት።

ሦስተኛ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። በቁጥሩ አካባቢ የብየዳ ወይም የመፋቅ ምልክት ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል።

አራተኛ፣ ለሻንሲው ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የባዶው መኪና ክብደት ይቀነስ። የሚቀረው ለሰውና ለጓዝ ነው። ወንበር ስለተጨመረ ገቢ ይጨምራል ብሎ ማሰብ፣ ፍሬንና ባሌስትራ የሚችሉትን መርሳት ነው።

አምስተኛ፣ የሚከፈለው ቅድሚያ ገንዘብ ምን እንደሆነ በውሉ ላይ ይገለጽ። «ቀብድ» እና «ቅድሚያ ክፍያ» በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ለላሜራ መግዣ የተሰጠ ገንዘብ «ቀብድ» ተብሎ ሲጻፍ ሁለቱም ወገኖች ያላሰቡት ዕዳ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። የላሜራው ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የማስረከቢያው ቀን በቁርጥ፣ የመዘግየት ቅጣቱም በቀን ተሰልቶ ቢጻፍ ክርክር ይቀንሳል።

የሚያዋጣው የቱ ነው?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ የሚከተለው ነው። ሻንሲው ጤነኛ፣ ሞተሩም የሚያስተማምን ሆኖ ገላው ብቻ ያረጀ መኪና ያለው ሰው፣ በአሁኑ የታክስና የምንዛሪ ሁኔታ በታወቀ ባትላሜራ ቢያሳድስ ያዋጣዋል። ሻንሲው የተጣመመ ወይም የዛገ መኪና ላይ አዲስ ላሜራ ማልበስ ግን ለሬሳ ካባ መደረብ ነው። ለሰብሳቢ የሚሆን የድሮ መኪና የያዘ ሰውም አይቸኩል፤ በእጅ በጥንቃቄ የተሠራ ፓራፋንጎ በስቱኮ ከተሞላው የበለጠ ዋጋ ያወጣል።

ወደ ጋራዥ ሥራ መግባት የሚፈልግ ባለሀብት ደግሞ ትርፉ ላሜራ በመሸጥ ላይ እንዳልሆነ ይወቅ። ላሜራ ሁሉም ሰው ከአንድ ገበያ የሚገዛው ነው። የማይገዛው አጽሙን ሳያጭበረብር የሚያቆም፣ በጥቂት ምት የሚጨርስና በተባለው ቀን የሚያስረክብ ባለሙያ ነው። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ሙያውን የተማሩት በአብዛኛው ከአለቃቸው እጅ እያዩ ነው፤ እነርሱ ሲያረጁ የሚተካቸው ወጣት በዚያው ጋራዥ ከሌለ ሙያውም አብሮ ይሄዳል። ዛሬ አንድ ተለማማጅ ቀጥሮ ከሽማግሌው ባትላሜራ ጎን የሚያቆም ባለጋራዥ፣ ነገ ገበያው የሚፈልገውን ሰው ከአሁኑ ያዘጋጀ ነው።